ገደል ላይ የታቀፈ ጭልፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከላስታ፣ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከቆቦ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጭልፊት ናቸው። ጎብኚና ምእመን በሚበዛበት ገደል ላይ እንቁላል ስለሚጥለው ፔሬግሪን ስለሚባለው ጭልፊትና ስለ ዘመዶቹ የተጠየቁትን አሰባስበን መልሰናል። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የምናሳይበት አፋፍ ሥር ሁለት ጭልፊቶች ሰፍረዋል። እዚያ በደረስን ቁጥር «ካክ ካክ ካክ» እያሉ ከራሳችን በላይ ይዞራሉ፤ አንዳንዴም ተወርውረው መጥተው አጠገባችን ሲደርሱ ይታጠፋሉ። እንግዶቹ በጣም ይወዱታል። ጎጆ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ስንት ሜትር ድረስ ብንጠጋ ነው የሚጎዱት?
*አስጎብኚ፣ ከላሊበላ*

መልስ፦ ጎጆ ያጡት ጭልፊት ጎጆ ስለማይሠራ ነው። እንጨት አይለቅምም፣ ሣር አያነጥፍም። ገደሉ ላይ ትንሽ ጥላ ያላት እርከን ይመርጥና አፈሩን በደረቱና በእግሩ ፍቆ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ እንቁላሉ እዚያው ባዶ አፈር ላይ ይጣላል። ከአፋፉ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው አይታይም። ከታች ወይም ከማዶ ሲያዩ ግን ከእርከኗ ሥር የወረደ ነጭ የኩስ መስመር፣ በአካባቢው ባሉ ቋጥኞች ላይ ደግሞ የተነጨ የርግብ ላባ ያገኛሉ።

እንግዶቹ የሚወዱት ጩኸት «ከዚህ ሂዱልኝ» ነው። ያ ሁሉ ዙረትና ውርወራ ሲካሄድ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ብቻውን ነው። የደጋ ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ብርዱ አለ። አሥር ቀን ያልሞላው ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በዚህ ላይ ቁራ አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍራም መንቁር ቁራ ሰውን ብዙም አይፈራም፤ ጠባቂ የሌለው እንቁላል ካየ አይምርም።

ወደ ሜትሩ እንምጣ። ከርቀቱ ይልቅ ከየት እንደሚቀርቡ ይቅደም። ገደል ላይ የሚራቡ ወፎች ከበላያቸው የሚመጣውን ከበታቻቸው ካለው አብልጠው ይፈራሉ። ከታች 300 ሜትር ላይ ቆመው ሲያዩት ዝም ብሎ የታቀፈ ጭልፊት፣ ከአፋፉ በኩል ግን ገና የእግር ኮቴ ሲሰማ ይነሳል። ስለዚህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦ ከእርከኗ በላይ ያለውን አፋፍ ለወቅቱ ይተዉት፤ መመልከቻውን ወደ ማዶ ሸንተረር ወይም ወደ ታች ያዛውሩ፤ ርቀቱ ከ300 ሜትር አይነስ። ሰው ሰማይ ጀርባው ሆኖ አናት ላይ ሲቆም ጥላው ከሩቅ ስለሚጎላ፣ ከቋጥኝ ወይም ከጥድ ፊት ለፊት ያስቀምጧቸው። ቡድኑ ከ8 ሰው አይብለጥ፤ ቆይታውም ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የወፏን ሁኔታ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ያንብቡ። መጀመሪያ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እናንተ ታፈጣለች። ቀጥላ ከእንቁላሉ ላይ ብድግ ትላለች። ከዚያ ትበርና ትጮኻለች። ማፈግፈግ ያለባችሁ ስታፈጥ ነው፤ ከጮኸች ዘግይታችኋል። አፈግፍጋችሁም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰች ጨርሶ ከዓይኗ ተሰወሩ።

«እንግዳው ከዚያ ርቀት ምን ያያል?» ለሚለው መልሱ መሣሪያ ነው። 8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር ጥሩ ነው፤ የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ የኋለኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ከዚያ የተሻለው ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ፣ በሦስት እግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ነው። 300 ሜትር ላይ ያለች ወፍ በ30 እጥፍ ስትታይ 10 ሜትር ላይ እንዳለች ናት፤ አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጮህ ወፍ ከማየት እናቲቱ ጫጩቷን ስታጎርስ ማየት እንደሚሻል እንግዳው ራሱ ይመሰክራል። ዋጋው ለአንድ ሰው ስለሚከብድ አስጎብኚዎች በማኅበር ቢገዙት ይቻላል። ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ቋጥኙ ሲግል አየሩ ይርገበገብና ምስሉ ይዋልላል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያለው ፔሬግሪን ይሁን ሌላ ጭልፊት በምን እንለየው?
*ተማሪ፣ ከደሴ*

መልስ፦ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ተመልከት። ፔሬግሪን ጥቁር ቆብ ያጠለቀ ይመስላል፤ ከዓይኑ ሥር የሚወርደው ጥቁር «ጢም» ሰፊ ነው፤ ጀርባው እንደ አመድ ሰማያዊ ግራጫ፣ ሆዱ በአግድም የተሰመረ ነው። በደጋው ገደል ይበልጥ የሚለመደው ላነር የሚባለው ዘመዱ ግን አናቱና ማጅራቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጢሙ ቀጭን፣ ሆዱም ፈዘዝ ያለና ብዙ መስመር የሌለበት ነው። ቋጥኝ ላይ ሲቀመጥ የክንፉን ጫፍ እይ፤ የፔሬግሪን ክንፍ ጅራቱ ጫፍ ይደርሳል፣ የላነር ትንሽ ያጥራል። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግበውና ጀርባው ቀይ ቡናማ የሆነው ትንሹ ወፍ ኬስትሬል ነው።

ደረቱ ላይ ያለው መስመር ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ጀርባውም ቡናማ ከሆነ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነውና በቀለም ብቻ አትፍረድ። ሴቲቱ ከወንዱ በጣም ትገዝፋለች፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ዓይነት ወፍ የሚመስላቸው አሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ወርደው የሚከርሙ ፔሬግሪኖችም አሉ። እነዚህ ተለቅ ያሉና ነጣ ያሉ ናቸው። እዚህ እንቁላል አይጥሉም፤ በሐይቅ ዳር ዳክዬ ሲያባርሩ ብታይ ጎጆ ፍለጋ አትድከም። ላነርም ሆነ ፔሬግሪን ገደል ላይ ከታቀፈ ጥንቃቄው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ግቢዬ ውስጥ ጭልፊት ጫጩት አስፈጀኝ። ልጆቼ ገደል ወጥተን ጎጆውን እናፍርስ ይላሉ። ጥበቃ ስትሉ የእኛስ ዶሮ?
*የአምስት ልጆች እናት፣ ከሐይቅ*

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም፣ እትዬ። ጫጩትዎን የሚወስደው በአብዛኛው ጅራቱ እንደ ሹካ የተሰነጠቀው፣ መንቁሩ ቢጫ የሆነው፣ ከቄራና ከገበያ የማይጠፋው ቡናማ ወፍ ነው። እሱ የሚራባው ዛፍ ላይ ነው። የገደሉ ጭልፊት የሚኖረው በበረራ ላይ በሚይዘው ወፍ ነው፤ መሬት ላይ የሚጭር ጫጩት ከአመሉ ውጭ ነው። ገደሉ ቢፈርስ ሌባው አይቀርም፤ ልጆቹ ግን ሊወድቁ ይችላሉ።

ጫጩቶቹን እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አናቱ በተሸፈነ ቦታ ያውሏቸው፤ ቀዳዳው ከአራት ጣት የማይሰፋ መረብ ወይም የተጋደመ እሾህ ይበቃል። የሚያረቡት ርግብ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ርግብ ለጭልፊት ዋና ምግቡ ነው። ጭልፊት ሲዞር ባዩበት ጠዋት ርግቦቹን ዘግይተው ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ማሽላችንን ግሪሳ ጨረሰው። ጭልፊቱ ግሪሳውን አይቀንስልንም? ደግሞስ አውሮፕላን ከረጨ በኋላ ጭልፊት ሞቶ አገኘን፤ እሱ ላይ መቼ ተረጨ?
*ገበሬ፣ ከቆቦ*

መልስ፦ አይቀንስልዎትም። አንድ ግሪሳ 20 ግራም ቢመዝን ነው፤ አንድ ጭልፊት በቀን የሚበቃው ወደ 100 ግራም ሥጋ ነው። በቀን አምስት ግሪሳ በላ ማለት ነው፤ የእርስዎ ጠላት ደግሞ በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር መንጋ ነው።

የሞተው ጭልፊት የተረጨውን በልቶ ነው። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት የነካውን ወፍ ሁሉ ወዲያው አይገድልም። የተመረዘ ግሪሳ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየተንገዳገደ ይቆያል። ጭልፊት ከመንጋው መሀል ደካማውን መርጦ ስለሚመታ፣ ከጤነኛው ይልቅ መርዝ የጠጣውን ይሰበስባል። ሁለት ሦስት ከበላ አለቀለት። በመራቢያ ጊዜ ከሆነም እርከኑ ላይ ያሉት ጫጩቶች የሚያመጣላቸውን አጡ፣ ወይም ያመጣላቸውን በልተው ሞቱ።

ማድረግ የሚቻለው፦ የማደሪያውን ቦታ ገና መንጋው ሲጀምር ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ፤ ትንሽ ቦታ ላይ እያለ የተረጨ መርዝ ሰፊ ቦታ አይደርስም። ማሽላውን እንደደረሰ ማጨድ፣ በማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ጥበቃውን ማጠንከር ነው፤ ግሪሳ የሚበላው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ከተረጨ በኋላ በማግስቱ ጠዋት የሞተውንና የሚንገዳገደውን በጓንት ወይም በፌስታል ለቅሞ፣ ከውሃ ርቆ፣ ውሻና ጅብ በማይቆፍሩት ጥልቀት መቅበር ነው። ያን ግሪሳ ሰው እንዳይበላው። ልጆች ጠብሰው የሚበሉበት አካባቢ ካለ በተለይ ይነገራቸው።

ዲዲቲ የተባለውን የተባይ መግደያም እናንሳ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፔሬግሪን ሊጠፋ የተቃረበው በዚሁ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ ከነፍሳት ወደ ትንሽ ወፍ፣ ከትንሽ ወፍ ወደ ጭልፊት እየተጠራቀመ ሲሄድ የእንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው፤ እናቲቱ ስትታቀፈው ከሥሯ ተሰበረ። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ ጭልፊቱም አገግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ዲዲቲ የተፈቀደው ለወባና መሰል በሽታ አስተላላፊዎች መከላከያ ብቻ ነው። ስም በሌለው ዕቃ «ለሰብል ነው» ተብሎ ገበያ ላይ የሚሸጥ ዱቄት አይግዙ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ አንድ ገደል ለመከታተል አስቧል። ወደ እርከኑ ሳንጠጋ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሱ ማወቅ እንችላለን? ገደሉንስ በምን እንጠብቅ?
*መምህር፣ ከወልድያ*

መልስ፦ በደንብ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም እርከኗን ማየት አያስፈልጋችሁም፣ ወላጆቹን ማየት ይበቃል። ወር አትቁጠሩ፤ ባሕርያቸውን ተከታተሉ።

ጥንዶቹ አንድ እርከን ላይ እየተመላለሱ፣ ወንዱ ያረደውን ርግብ አየር ላይ ለሴቲቱ ሲያቀብላት ካያችሁ እንቁላል ሊጣል ነው። ከዚያ አንደኛዋ በድንገት «ትጠፋለች»። ሦስት ወይም አራት እንቁላል በየሁለት ቀኑ ገደማ ይጣላል፤ መታቀፉ ከ29 እስከ 33 ቀን ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ገደሉ ጭር ይላል። ብዙ ተመልካች «ትተው ሄዱ» ብሎ የሚጠጋው በዚህ ጭርታ ነው፤ ትልቁ ጉዳትም ያኔ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት በትዕግሥት ብትቀመጡ ወንዱ መጥቶ ሲተካት፣ እሷም ወጥታ ስትበላና ክንፏን ስታፍታታ ታያላችሁ።

ምግብ ወደ እርከኗ ገብቶ ወላጁ የተረፈውን ይዞ ሲወጣ ጫጩት ተፈልፍሏል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ እናቲቱ ከላያቸው አትርቅም። ከዚያ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በሦስተኛው ሳምንት በነጩ ለስላሳ ላባ መሀል የክንፍና የጅራት ቡናማ ላባ ብቅ ይላል። በአራተኛው ወደ እርከኗ ጠርዝ እየወጡ ክንፋቸውን ያማታሉ፤ መቁጠር የሚቻለው ያኔ ነው። ከ35 እስከ 42 ቀን ባለው ይበራሉ፤ ወንዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይቀድማሉ። ከበረሩም በኋላ እስከ ሁለት ወር ድረስ ወላጆቻቸው ይመግቧቸዋል፣ ማደንም ይለምዳሉ።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ አዲስ አደጋ አለ። የደነገጠ ጫጩት ክንፉ ሳይጠና ይዘላል። ድንጋይ የሚያንከባልል እረኛ፣ አፋፍ ላይ የሚተኮስ ርችት፣ ገመድ ይዞ ማር ለመቁረጥ የሚወርድ ሰው፣ አንዱ ይበቃል።

መዝገቡ ላይ ቀን፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ማን ገባ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ፣ ማን አስደነገጣቸው የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። «ምንም አልታየም» ተብሎ የተጻፈ ገጽ ዋጋ አለው፤ ጉም ስለነበር ይሁን ወፍ ስላልነበረ ግን ለይታችሁ ጻፉ። እንቁላሉ ቶሎ ከጠፋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይተው እንደገና ሊጥሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ መዝገቡን ወዲያው አትዝጉ።

ጥበቃው ከመከልከል ይልቅ በቀጠሮ ይሳካል። ከአፋፉ ቢያንስ 100 ሜትር ወደኋላ መንገዱን በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ ዝጉ፤ በአማርኛ «እስከዚህ ቀን ድረስ ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ አቁሙ። ማብቂያ ቀን የሌለው ክልከላ በሳምንቱ ይጣሳል። ቀኑን ስታሰሉ ካያችሁት ደረጃ ተነሡና ጫጩቶቹ ከሚበሩበት ሁለት ሳምንት ጨምሩበት፤ ሲደርስም በቃላችሁ መሠረት ክፈቱት። ሣር አጫጆችንና ማር ቆራጮችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አብዛኞቹ ገደሉን ተራ በተራ ስለሚጠቀሙበት ያን እርከን ወደ መጨረሻ ማዛወር አይከብዳቸውም። እረኞቹን ደግሞ መዝገብ ያዥ አድርጓቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ወንጭፉም በእነሱ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ግሸን ማርያም ባለ ቦታ፣ መስከረም 21 ያን ያህል ሰው ሲወጣ ወፎቹ እንዴት ይሆናሉ? በዓል ይቅር አይባል።
*ምእመን፣ ከደሴ*

መልስ፦ ማንም አይልም። ጭልፊት በታወቀ መንገድ፣ በታወቀ ሰዓት የሚያልፍን ብዙ ሕዝብ ይለምዳል። የሚረብሸው ከመንገዱ ወጥቶ ጠርዝ ለጠርዝ የሚሄድ አንድ ሰው ነው። ድምፅ ማጉያው ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንጂ ወደ ገደሉ እንዳያደርግ፣ የድንኳን ቦታም ከጠርዙ እንዲርቅ አስተባባሪዎችን መጠየቅ ይበቃል። ጠርዙን መራቅ ለሰውም ደኅና ነው።

ጥያቄ፦ በድሮን ብቀርጻቸውስ? ቦታውንስ በገጼ ብለጥፍ?
*ፎቶ አንሺ፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ሁለቱም አይሆንም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት በራሱ ያስጠይቃል፤ ለጭልፊቱ ደግሞ ክልሉን የደፈረ ሌላ አሞራ ነው። ቁልቁል ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥን ወፍ የሚሽከረከር ምላጭ ላይ ቢወርድ የሚሆነውን ያስቡት። ስልክዎን የቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ገጥመው ይቅረጹ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍተው አይጥሩ፤ ፍላሽም ያጥፉ።

ፎቶ ሲለጥፉ ከካሜራው ቅንብር የቦታ መረጃውን አጥፍተው፣ ዙሪያውን የሚያሳብቅ ተራራ ወይም ቤተ ክርስቲያን ቆርጠው፣ «ወሎ» ብለው ይተዉት። ጫጩት በገንዘብ የሚያፈላልጉ ሰዎች አሉ። ፔሬግሪን ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የሚጠብቀው ወፍ ነው፤ ከዱር ተይዞ ያለ ፈቃድ ለንግድ ድንበር መሻገር አይችልም። እንዲህ ያለ ገዢ ከመጣ መልኩንና የመኪናውን ታርጋ ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ነው።

ጥያቄ፦ ከጦሳ ተራራ ሥር መንገድ ላይ መብረር ያልቻለ ወጣት ጭልፊት አገኘን። እንጀራና ወተት ሰጠነው፤ እምቢ አለ። ምን እናድርግ?
*ወጣቶች፣ ከደሴ*

መልስ፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት አትስጡት፤ ውሃም በአፉ አታንቆርቁሩበት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ላባው ካለቀና አናቱ ላይ ብቻ ነጭ ቅሪት ካለው አልታመመም፤ የመጀመሪያ በረራው አልሰመረለትም። ውሻና መኪና ከሌለ ባለበት ተዉት፤ ከ100 ሜትር ርቃችሁ ጠብቁ። ወላጆቹ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ፤ ሰው ስለነካው አይጥሉትም።

አደጋ ላይ ከሆነ ከኋላው ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ ጣሉበት፤ ሁለቱንም እግሮቹን ከጨርቁ ጋር ያዙ፣ የሚጎዳው ጥፍሩ ነውና። ታችኛው ክፍሉ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ እርሳስ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ያሉት ካርቶን ውስጥ በጨለማ አድርጉት። ሳትውሉ ሳታድሩ ገደሉ የሚታይበት ከፍ ያለ ቋጥኝ ወይም ጣሪያ ላይ አስቀምጡትና ሂዱ። ወደ ላይ አትወርውሩት። ክንፉ አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ ደም ካለው፣ ወይም ገና ሙሉ ነጭ ጫጩት ከሆነ በካርቶኑ እንዳለ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ወይም ለእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት አድርሱ። ነጩን ጫጩት ልመልስ ብሎ ገደል የሚወጣ እንዳይኖር። ያስቀመጣችሁትን ደግሞ በማግስቱ እስከ ማታ 11 ሰዓት ድረስ ምግብ ሲመጣለት ካላያችሁ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ውሰዱት።